ፒክኒክ፣ ሽርሽር እና የምሳው ጉዳይ

ጥያቄ፦ «መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። የምሠራው ደብረ ብርሃን ነው። ከመሥሪያ ቤታችን ልጆች ጋር በኅዳር አንድ ቅዳሜ ጓሳ ሄደን፣ ሜዳው ላይ ምሳ በልተን ልንመለስ አሰብን። የጥሪውን መልእክት የጻፍኩት እኔ ነኝ። ‹የፒክኒክ ግብዣ› አልኩት። ከሦስት ሰው ተቃውሞ መጣብኝ። አንዷ ባልደረባዬ ቃሉ አሜሪካ ውስጥ ነጮች ጥቁሮችን እየመረጡ ከሚሰቅሉበት ድግስ የመጣ ነው፣ ቴሌግራም ላይ አንብቤዋለሁ አለች። አለቃችን አማርኛ እያለ ፈረንጅኛውን ምን አመጣው፣ ‹ሽርሽር› በዪው አሉ። ሦስተኛው ደግሞ ‹ግብዣ ካልሽማ ምሳው ባንቺ ነው› ብሎ ሳቀብኝ። ለመሆኑ የቃሉ ምንጭ ምንድን ነው? አማርኛውስ?»

ምላሽ፦ እህቴ፣ ጤና ይስጥልኝ።

ከሦስቱ ሰዎች ወደ ቃሉ ሥር የተጠጋው ያ የሳቀብሽ ነው። ሊቀልድ ብሎ ነው፤ ግን ሳያውቀው ቁም ነገሩን ነክቶታል። ወደ እሱ እመለሳለሁ። በቅድሚያ የባልደረባሽን ነገር እንይ። ከባድ ነገር ነው ያነሣችው፤ ተንጠልጥሎ መቆየት የለበትም።

ወሬው እኔም ስልክ ላይ ደርሷል። ያውም ደጋግሞ። ሁሌም አንድ ዓይነት ነው። የቃሉ የመጀመሪያ ግማሽ በእንግሊዝኛ «ምረጥ» ማለት ነው፤ ሁለተኛው ግማሽ ጥቁሮችን የሚያዋርደው ስድብ ነው፤ ሁለቱ ሲገጣጠሙ «አንዱን ጥቁር ምረጥና ስቀል» ይሆናል ይላል። መጨረሻው ላይ «ላልሰሙት አሰሙ» የሚል ይጨመርበታል።

የቃሉ ምንጭ ይህ አይደለም። ቃሉ ፈረንሳይኛ ነው። በ1649 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ፓሪስ ውስጥ በወጣ አንድ የፌዝ ጽሑፍ ላይ የበላተኞችና የጠጪዎች ማኅበር መጠሪያ ሆኖ ይገኛል። በ1690ዎቹ ደግሞ የፈረንሳይኛ ቃላትን ምንጭ የሚመረምር መዝገብ ውስጥ ገባ። አዘጋጁ ቃሉን ከቅርብ ጊዜ ወዲህ የመጣ አድርጎ ነው የቆጠረው። እንግሊዞቹ የወሰዱት ከዚያ በኋላ ነው። አሜሪካ የሚባል አገር ራሱ ገና አልተመሠረተም ነበር።

ታዲያ ውሸት ከሆነ ለምን ይጣበቃል? አጠገቡ እውነት ስላለ ነው። በአሜሪካ፣ በተለይ በደቡቡ ግዛቶች፣ ጥቁሮች በመንጋ ፍርድ ይሰቀሉ ነበር። ይህን ሲመዘግብ የኖረው የቱስኪጊ ተቋም ከ1882 እስከ 1968 ድረስ 4,743 ሰዎች እንዲህ መገደላቸውን ቆጥሯል። 3,446ቱ ጥቁሮች ናቸው። አንዳንዱ ግድያ ሺህ ሰው የሚሰበሰብበት ነበር። ሚስትና ልጅ ይዞ የሚመጣ ነበር፤ ምግብ ቋጥሮ የሚመጣም ነበር። ፎቶው ፖስትካርድ ሆኖ ይሸጥ ነበር። እንግዲህ ይህን የሚያውቅ ሰው ያንን ወሬ ሲሰማ ባያምን ነው የሚገርመው።

ስለዚህ ባልደረባሽን «ተሸወድሽ» ብለሽ አትዝጊያት። ግፉ ተፈጽሟል። ቃሉ ግን ከዚያ አልተወለደም። በ1999 በኒው ዮርክ ግዛት በአንድ ዩኒቨርሲቲ ይኸው ወሬ ተነሥቶ፣ ለጥቁሩ የቤዝቦል ተጫዋች ለጃኪ ሮቢንሰን መታሰቢያ በታሰበ ዝግጅት ላይ «ፒክኒክ» የሚለው ቃል እንዲወጣ ተደርጎ ነበር። ያስወጡት ሰዎች ቃሉ ንጹሕ መሆኑን ሲነገራቸውም ሰዎች ቅር እስካላቸው ድረስ ይቅር አሉ። ይህ የጨዋነት ጉዳይ ነው፤ የሥርወ ቃል ጉዳይ አይደለም። ባልደረባሽም ቅር ካላት ሌላ ቃል ምረጪ፤ ምክንያቱ ግን እሷ ትሁን እንጂ ያ ወሬ አይሁን።

እግረ መንገዴን አንድ ነገር ላንሣ። የቃል ምንጭ ስንፈልግ ትልቁ ወጥመድ የድምፅ መመሳሰል ነው። ሁለት ነገር ስለተመሳሰለ አንዱ የሌላው ልጅ ነው ብለን እንቸኩላለን። እዚሁ አጠገባችሁ ያለውን አንኮበርን ውሰጂ። «የአንኮ በር» ማለት ነው ይባላል፤ አንኮ የምትባል ንግሥት ነበረች ይባላል። የንግሥቲቱ ነገር አፈ ታሪክ ነው። «በር» የሚለው ግን ያስኬዳል። ለምን? ጣርማ በርም አለልሻ! ተራራው ተከፍቶ መንገድ የሚያሳልፍበትን ቦታ ሰው በር ብሎታል፤ ቃሉ በሌላም ቦታ፣ በዚያው ትርጉም ይገኛል። እኔ ሁሌ የምጠይቀው ሁለት ነገር ነው። ቁራጩ ሌላ ቦታም በዚያው ትርጉም ይሠራል ወይ? ዘመኑስ ይገጥማል ወይ? የቴሌግራሙ ታሪክ በዘመኑ ላይ ነው የወደቀው። ልጁ ከአባቱ ሁለት መቶ ዓመት ቀድሞ ተወልዷል።

አሁን ወደ ፈረንሳይኛው እንግባ። የመጀመሪያው ግማሽ «ፒኬ» ከሚለው ግሥ ነው። መውጋት፣ መንቆር፣ በጫፍ ለቀም ማድረግ ነው ትርጉሙ። ዶሮ ጥሬ ስትለቅም እንደምታደርገው። ሁለተኛው ግማሽ፣ «ኒክ»፣ ይህ ነው የሚባል ነገር አይደለም፤ እዚህ ግባ የማይባል፣ ጥቃቅን ነገር ማለት ነው። ዋናው ሥራው ግን ቤት መምታት ነው። አማርኛ ውስጥም ይህ አለን። «እንቶ ፈንቶ» ስንል «ፈንቶ» ለብቻው ምንድን ነው? ምንም። ለ«እንቶ» ቤት ሊመታ የመጣ ነው። ፒክ ኒክም እንደዚያው ነው። ለቀም ለቀም የሚደረግ እንቶ ፈንቶ ብትዪው ከእውነት አልራቅሽም።

ስሙ ይህ ነው። ስሙ የተሰጠው ነገርስ? እዚህ ጋ ነው የሳቀብሽ ልጅ የሚመጣው።

ያኔ ፈረንሳይ ውስጥ ፒክኒክ ማለት ሜዳ ላይ መብላት አልነበረም። ሣር የለም፣ ዛፍ የለም፣ ምንጣፍ የለም። ቤት ውስጥ ነው የሚበላው። ፒክኒክ የሚያሰኘው ሌላ ነገር ነው፤ ሁሉም የየድርሻውን ማምጣቱ ወይም የየድርሻውን መክፈሉ። ጋባዥ የለም። አንዱ ወይን፣ አንዱ ሥጋ፣ አንዱ ዳቦ ያመጣል። ወይም ሁሉም ገንዘብ አውጥቶ ምግብ ቤት ይበላል። ይኸውልሽ፣ «የፒክኒክ ግብዣ» ብለሽ የጻፍሽው በዱሮው ትርጉም ቢታይ እርስ በርሱ የሚጣላ ነው። ግብዣ ከሆነ ፒክኒክ አይደለም፤ ፒክኒክ ከሆነ ግብዣ አይደለም። ልጁ የሳቀው በትክክለኛው ቦታ ላይ ነው።

እንግሊዝኛ ውስጥ ቃሉ መጀመሪያ የተገኘው በ1748 ነው፤ ሎርድ ቼስተርፊልድ ጀርመን አገር ለነበረ ልጁ በጻፈው ደብዳቤ ላይ። እዚያም የሚወራው ስለ ሜዳ አይደለም። ካርታ እየተጫወቱ፣ እየጠጡ፣ እየተጨዋወቱ የሚመሽበት የቤት ውስጥ ስብስብ ነው። ከዚያ የፈረንሳይ አብዮት መጣ፤ ብዙ ባለጠጋ ፈረንሳዮች ነፍሳቸውን ይዘው ወደ እንግሊዝ ተሰደዱ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ለንደን ውስጥ የሀብታሞችና የመኳንንት ክበብ ተቋቋመ፤ ስሙን ፒክኒክ ብሎ። ቲያትር ራሳቸው ይሠራሉ፣ ይዘፍናሉ፣ ከዚያ ራት ይበላሉ። ማን ምን እንደሚያመጣ በዕጣ ነበር የሚወሰነው። ዕጣ ያውጡና የወጣላቸውን ምግብ ያመጣሉ፤ ከወይን ጠርሙስ ጋር። ይህን ሳነብ ሁሌ የሚታየኝ አንድ የተኳኳለ ባላባት ብጣሽ ወረቀት ከፍቶ የደረሰበትን ሲያይ ፊቱ ሲለዋወጥ ነው። ክበቡ ብዙ አልቆየም። የቲያትር ቤት ባለቤቶች ገበያችንን ሊዘጉብን ነው ብለው ጮኹ፣ የካርቱን ሠዓሊዎች ተሳለቁባቸው፣ ተበተነ። ስሙን ግን አገሩ ሁሉ አወቀው።

ቃሉ ወደ ሜዳ የወጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያዎቹ አሥርት ዓመታት። እየቆየ የመዋጮው ነገር ተረሳ፤ ሣሩና ቅርጫቱ ቀረ። የእንግሊዙ መልእክተኛ ሃሪስ በ1841 አንኮበር ደርሶ ከንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ጋር ውል ሲፈራረም፣ በአገሩ በእንግሊዝ ሰዎች ፒክኒክ ሲሉ ውጪ መብላትን ማለት ጀምረው ነበር።

ለምን ወደ ውጪ ወጣ? የእኔ አስተያየት ይኸውልሽ። ውጪ መብላት ስም የሚያስፈልገው ውሎውን ቤት ላደረገ ሰው ነው። ልጅ ሆኜ መንዝ አያቴ ዘንድ ነበር ክረምቱን የምከርመው። ኋላ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ይህን ዓይነት ነገር ማጥናት ስጀምር ጠየቅኳት። «እማማ፣ ሜዳ ላይ መብላት ምን ይባላል?» አልኳት። ትክ ብላ አየችኝና «መብላት ነዋ!» አለች። ከዚያ ደግሞ «ተምሮ መጣና ጭራሽ ደነቆረ» አለች ለጎረቤቷ።

አያቴ እውነቷን ነው። ለእሷ ውጪ መብላት የተለየ ነገር አይደለም። አጨዳ ሲሆን ምሳው ማሳ ድረስ ይሄዳል። ደቦ የተጠራ ቀን ጠላው ሳይቀር ማሳው ዳር ይቀርባል። እረኛው ጧት ኪሱን ቆሎ ሞልቶ ወጥቶ ማታ ነው የሚገባው። ሰውየው ገደሉ አፋፍ ላይ፣ ሰማይ እግሩ ሥር ተዘርግቶ፣ በርኖሱን ደርቦ በሶውን በጥብጦ ሲጠጣ ቱሪስት ቢያየው ፎቶ ያነሣዋል። ሰውየው ግን ሥራ ላይ ነው። ሽርሽር ላይ ነህ ብትዪው ይቀየማል።

አሁን ወደ አማርኛው። አለቃሽ «ሽርሽር» ያሉት ክፉ አይደለም። እስቲ ቃሉን ከፈት አድርገን እንየው።

ግሡ «ተንሸራሸረ» ነው። ከፊቱ «ተን» ይዞ፣ ድምፁን እየደጋገመ የሚመጣ የግሥ ቤተሰብ አለን፦ ተንቀሳቀሰ፣ ተንቀጠቀጠ፣ ተንከባለለ፣ ተንገዋለለ። አየሻቸው? ሁሉም ሲነቃነቁ ነው። አንዳቸውም አርፈው አይቀመጡም። ተንሸራሸረም ከእነሱ ወገን ነው፤ ወዲያ ወዲህ ማለት፣ ቀስ እያሉ ዞር ዞር ማለት ነው። ስለዚህ ሽርሽር የእግር ቃል ነው። ምግብ የለበትም። ውሃ ዳር ሄደሽ፣ ዞረሽ፣ ፎቶ ተነሥተሽ፣ በባዶ ሆድሽ ብትመለሺ ተንሸራሽረሻል። ምሳው ተጨማሪ ነው።

ጠባዩንም አስቢው። «ሽርሽር መሰለህ እንዴ?» የምንለው ለማን ነው? ሥራውን ቀላል አድርጎ ለቆጠረ ሰው። ሽርሽር ውስጥ ሁሌም የመፍታታት፣ የሥራ ፈትነት ጠረን አለ። ቅዳሜ ቀን ይህ ነውር አይደለም። ሰኞ ነው ችግሩ።

ሌላው «መናፈስ» ነው። ከነፋስ የመጣ ነው፤ መናፈሻም ከዚያው ነው። አየር መቀበል ማለት ነው። ሽርሽር የእግር ከሆነ ይህ የሳንባ ነው። ለደብረ ብርሃን ሰው መናፈስ የሚለው ቃል ትንሽ ያስቃል። በኅዳር ውርጭ ጧት በር ስትከፍቺ ነፋሱን አንቺ አትቀበዪውም፤ እሱ ነው የሚቀበልሽ።

«ስንቅ»ስ? ይህ ቃል የምግብ ነው፤ ያውም ይዘውት የሚሄዱት ምግብ። ግእዙም አማርኛውም አንድ ነው። በቅርጹ ብታዪው ለፒክኒክ ምግብ ከስንቅ የተሻለ ቃል የለም። ግን ቃል ሸክም አለው። ስንቅ የሚባለው መንገድ ለሚሄድ፣ ለሚዘምት፣ ለታሰረ ሰው ነው። «ስንቅና ትጥቅ» ብለን ነው የምንጠራው፤ ጎረቤቱ ጠመንጃ ነው። ወንድሟ የታሰረባት ሴት «ስንቅ ላቀብል» ብላ ነው በጧት ከቤት የምትወጣው። «ቅዳሜ ስንቅ ይዛችሁ ኑ» ብለሽ ብትጽፊ ግማሹ ሰው ወዴት ልንዘምት ነው ብሎ ይደውልልሻል። በሶ የስንቅ ንጉሥ ነው፤ ቢሆንም በሶውን ለሽርሽር ስትይዢው ስንቅ አትዪውም። ለምን እንደሆነ አማርኛ ያደገበት ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ አስረዳ ሲባል ነው የሚቸግረው።

ድግስና ግብዣን እንለፋቸው። ባለቤት አላቸው። ማኅበርም እንዲሁ ነው፤ ተራው የደረሰው ሰው ነው የሚደግሰው፤ ሌላው በልቶ፣ መርቆ ይሄዳል። ደቦም ለእኛ ጉዳይ አይሆንም፤ ሰዎች የሚያዋጡት ጉልበት ነው፤ ምግቡ ግን የባለ ማሳው ነው።

የቀረው «መዋጮ» ነው። እኔ እንደምፈርደው የፒክኒክ እውነተኛ የአማርኛ ዘመዱ ይህ ነው፤ ሽርሽር አይደለም። ወጣ፣ አወጣ፣ አዋጣ። ሁሉም በየበኩሉ ሲያወጣ ማዋጣት ይሆናል። ፓሪሶቹ በ1690ዎቹ ሲያደርጉት የነበረው ይኸው ነው፤ የመዋጮ ምሳ። (ይኸው ግሥ «ያዋጣል፣ አያዋጣም» በሚለውም ውስጥ አለ፤ ነጋዴው የሚያወራውና ዕድርተኛው የሚያወራው አንድ ቃል መሆኑ ሁሌ ደስ ይለኛል።)

የፒክኒክን ዱሮ መልክ አገራችን ውስጥ በዓይኔ አይቼዋለሁ ካልኩ ያየሁት በቡሄ ነው። ነሐሴ 13 ቀን። ልጆች ጅራፍ እያጮኹ፣ ሆያ ሆዬ እያሉ በየቤቱ ይዞራሉ፤ ሙልሙል ይሰጣቸዋል። የዚህኛው ቤት ሙልሙል ነጭ የስንዴ ነው፤ የዚያኛው ጠቆር ያለ የገብስ ነው፤ የሌላዋ ከሥሩ አሯል። ሁሉም አንድ አቁማዳ ውስጥ ይገባል። ከዚያ ሜዳ ላይ፣ ጭቃው ያልበዛበት ቦታ ይመረጥና ይዘረገፋል። ተሸካሚው የትኛውን ማን እንደሰጠ ያውቃል፤ ግን አይናገርም። እኔ በስምንት ዓመቴ ያረረውን ነበር የምሻማው። ይህ ፒክኒክ ነው፤ ስሙን ያልሰሙት ልጆች የሚሠሩት።

እሺ፣ ይህ ሁሉ ለጥሪው መልእክት ምን ይጠቅማል? በራሴ ላይ የደረሰውን ልንገርሽ።

ከጥቂት ዓመታት በፊት ከሥራ ባልደረቦቼ ጋር ወፍ ዋሻ ሄድን። ጽዱና ዝግባው ጢም ያለበት አሮጌ ደን ነው፤ ካልሄድሽ ሂጂ። ጥሪውን ጽፎ የለጠፈው የአማርኛ ሰው ነው። እኔ ማለቴ ነው። በወፍራሙ «ሽርሽር» አልኩ፤ ሰዓቱንና መኪናው የሚነሣበትን ቦታ ጻፍኩ። ለንጹሕ አማርኛ የቆምኩ መስሎኝ ነበር።

ሃያ ሦስት ሰው መጣ። ኮፍያ አለ፣ መነጽር አለ፣ ስፒከር አለ፣ ኳስም አለ። ስድስት ሰዓት ሲሆን ሆድ መጮህ ጀመረ፤ ሁሉም እርስ በርሱ ይተያያል። ምግብ የያዙት ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው። አንዱ ሁለት ፌስታል ቆሎ ይዟል። ሌላዋ በዕድሜ የምትበልጠን፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ሴት ናት። አገልግል ይዛለች።

አገልግሉን ከትከሻዋ አወረደች። ውጪው ቆዳ ነው፣ ከብዙ ዓመት እጅ ብዛት ጠቁሮ ወዝቷል። ጠፍሩ ተጠባብቆ ስለነበር ቋጠሮውን በጥርሷ ጎተት አድርጋ ፈታችው። ክዳኑ ሲነሣ ቀድሞ የወጣው ሽታው ነው፤ ቆዳ፣ ቅቤና በርበሬ አንድ ላይ። ከውስጥ የስንደዶው ስፌት ወጡ ነክቶት ቀላ ብሏል። እንጀራው ዙሪያውን ታጥፎ ተደርድሯል። መሐሉ ላይ ዶሮ ወጡ ጠበቅ ብሎ፣ ሌላ እንጀራ ለብሶ ተኝቷል። እንቁላሎቹን በጣቷ ቆጠረች። አምስት ናቸው። ቀና ብላ እኛን ቆጠረች።

«ሽርሽር አላችሁ እንጂ ምሳ አምጡ አላላችሁ!» አለች። «እኔ እኮ ለራሴና ለልጆቼ ነው የያዝኩት። ብታዋጡ ኖሮ ብቻዬን እሸከም ነበር?»

በላን። ከተራራው ላይ በባዶ ሆድ አይወረድማ። ለያንዳንዳችን ሁለት ሁለት ጉርሻ ደርሶን ይሆናል፤ እሷ ግን እያጎረሰች ስለነበር እጇን እስክትታጠብ ድረስ ምን እንደበላች አላየሁም። ቆሎ ያመጣው ልጅ የዚያን ቀን ጀግና ሆኖ ዋለ። እኔ ደግሞ በመልስ መንገድ ላይ ሙሉ ሰዓት ስለ «ሽርሽር» ተሰደብኩ። የሚገባኝ ነበር። ቃሉ ለእግር ነው የጠራቸው፤ ሰዎቹም እግራቸውን ይዘው መጡ።

ስለዚህ ለጥያቄሽ ቁርጡ መልስ እንዲህ ነው። «ፒክኒክ» ማለት ነውር የለበትም። በ«ፐ» የሚጻፍ ቃል ሁሉ እንግዳ ነው፤ ፖሊስም ፓስታም እንግዶች ነበሩ፣ አሁን ማን መታወቂያ ይጠይቃቸዋል? በወሬ ላይ ስትይ «ቅዳሜ ፒክኒክ አለን» በዪ፤ ሁሉም ይረዳሻል። ጽሑፍ ላይ አለቃሽ አማርኛ ይሁን ካሉ ደግሞ «ሽርሽር» በዪ፤ ግን ብቻውን አትተዪው። «ግብዣ» የሚለውን ግን ዛሬውኑ አጥፊው። እሱ ነው ኪስሽን የሚያስፈራኝ።

ስለ ምግቡም አንድ ነገር። ኅዳር ብለሻል። ከ15 በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከ15 ጀምሮ የነቢያት ጾም ነው። የሚጾም ሰው መሐላችሁ ካለ ክትፎውን ተዉትና በስልጆ፣ በሽሮ፣ በድፎ ዳቦ ተነጋገሩ። የባቄላ እሸት ካላለፈ ከመንገድ ትገዛላችሁ፤ ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ የሚወስደውን መንገድ ይዛችሁ ስትሄዱ ልጆች ሊሸጡ ይችላሉ። ጓሳ ከ3,200 ሜትር በላይ ነው፤ አንዳንዱ ጋ 3,700 ይደርሳል። ሞቅ ያለ ነገር በፔርሙዝ ያዙ፤ ወጥ ሜዳው ላይ ቁጭ ባለ በአሥር ደቂቃ ውስጥ ቅባቱ ይረጋል።

ደግሞ ጭላዳ ዝንጀሮዎቹን ምንም አታብሉ። ሳይቸኩሉ፣ በቂጣቸው እንደተቀመጡ ሣሩን እየነጩ ነው የሚውሉት፤ ምሳቸው እዚያው አለ። ፌስታላችሁንም ይዛችሁ ተመለሱ። የመንዝ ሰው ያንን መሬት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ፣ እስከ 1975ቱ የመሬት አዋጅ ድረስ፣ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ሲጠብቀው ኖሯል። ሣሩ ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ለጣራና ለገመድ የሚታጨደው ተነጋግረው ሲከፍቱት ብቻ ነበር። አንድ ቀን የሄደ እንግዳ የሚጥለው ፕላስቲክ እዚያ ላይ አያምርም።

መልእክቱን እኔ ብጽፈው እንዲህ እለው ነበር፦

«ቅዳሜ ወደ ጓሳ ሽርሽር እንሄዳለን። ምሳው በመዋጮ ነው፤ ማን ምን እንደሚያመጣ ከሐሙስ በፊት እዚህ ይጻፍ። ጋቢ ያልያዘ መኪና ውስጥ ይቀራል።»

ዕጣ ማውጣት ካማራችሁም ልክ እንደ ለንደኖቹ አውጡ፤ ያ የሳቀብሽ ልጅ ግን በዕጣ አይግባ። ዶሮውን እሱ ላይ ጻፊበት። ጾም ከሆነ ስልጆውን።